ከጎጀብ ማዶ ያለችው ትምህርት ቤት

በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል በግቢያችን የበጎ ፈቃድ መዝገብ ይከፈታል። የምንመዘገብበትም ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ አገር ለማየት፣ አንዱ ክረምቱን ወላጆቹ ቤት ላለመዋል፣ አንዱም ከልቡ ለማገልገል ይመዘገባል። እኛም ሦስት የአርትስ ተማሪዎች ከሦስቱም ምክንያት ጥቂት ጥቂት ይዘን፣ ባለፈው ክረምት በካፋ ደን ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄድን። ዘንድሮ ለመመዝገብ የሚያስቡ ጓደኞቻችን ይጠቀሙበት እንደሆነ በማለት ያየነውን እነሆ ጽፈናል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ መኪና አይቸግርም። ከቦንጋ ወዲያ ግን ጉዞው በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ አይሱዙውን ጭቃ ሲይዘው ደግሞ በእግር ሆነ። ከላይ ዋንዛውና ቀረሮው ገጥሞ ሰማዩን ይጋርዳል፤ ከሥሩ ማንም ያልተከለው ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ በቅሏል። ዩኔስኮ ይህን ደን በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። የዚያን ዕለት ግን ከዩኔስኮ ይልቅ ያሳሰበን ጫማችንን የዋጠው ጭቃ ነበር።

ሲመሽ ደረስን። አንዲት መነኩሲትና የትምህርት ቤቱ ነባር መምህር፣ ከኋላቸውም የመንደሩ ልጆች ሁሉ ተሰልፈው ተቀበሉን። ቆጮ በጎመን በላን፤ ቡናም ተፈላልን። እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ በማግሥቱ ብር፣ በሦስተኛው ቀን ብረት ነው ይባላል። እኛ ግን ወዲያው በማግሥቱ ብረት ሆንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁን መጡ። የሚናገሩት በካፊኖኖ ስለነበረ የልጅ ልጃቸው ያስተረጉም ነበር።

«ልጆቼ፣ ምን ልታስተምሩ መጣችሁ?»

«ታሪክ፣ አባባ።»

«የማንን?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ካፋ በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስኪዘምትበት ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። ንጉሡ ታቶ ይባል ነበር፤ የመጨረሻውም ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ነው። ሽማግሌው አገሩን ይጠብቅ ስለነበረው ጥልቅ ጉድባ ሲያወሩ፣ ልጆቹ እርሳሳቸውን አስቀምጠው አፍ አፋቸውን ያዩ ነበር። ሚሲዮንም ቢሆን ለካፋ እንግዳ አይደለም። ጣሊያናዊው አባ ማስያስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገብተው፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ተባረዋል። ሁለት ወር ለመቆየት የመጣን እኛ ምን ያህል እንደምንቆጠር አንባቢ ይገምት።

እንግዲህ የሽማግሌዎቹን ታሪክ እንሰብስብ ብለን ተነሣን። መምህሩ በትዕግሥት ከሰሙን በኋላ፣ «ልጆች፣ አሳባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስለ ጋኪ አይጠይቅም። እናንተ በነሐሴ መጨረሻ ትሄዳላችሁ፤ ያን ፈተና የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው። ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምሩልኝ» አሉን።

ከእኛ አንዱ፣ የገዛ አያቱን ታሪክ የማያውቅ ልጅ ፈተና ቢያልፍ ምን ይረባዋል ሲል ተከራከረ። መምህሩም ከጓሮ በር አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ አሳዩን። በመስከረም ስምንተኛ ክፍል ትገባለች። ካለፈች ከተማ ክፍል ተከራይታ፣ የሳምንት ቆጮዋን በየእሑዱ ተሸክማ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ከወደቀች ግን በዓመቱ ትዳራለች። የአያቷን ታሪክማ ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በኋላ ታሪክ ሆነ። ልጆቹ ከየቤታቸው የሰሙትን በክፍል በተማሩት የላቲን ፊደል በካፊኖኖ ጻፉ፤ እኛም በእነሱ አስተርጓሚነት ወደ አማርኛ መለስነው። ደብተሮቹ ከትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል። ከእኛ ሥራ ቶሎ የማይጠፋው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱንም ቢሆን አብዛኛውን የጻፉት ልጆቹ ናቸው።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪው ዲግሪውን ለመቀበል አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት። ግዴታው ያስቆጣቸው ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ክፍል ከመስከረም እስከ ፈተናው ይሸኛል፤ በሁለት ወር ስሙን አጥንቶ መለየት ነው። ግዴታው ይመለስ አንልም። ሆኖም በየክረምቱ ሌላ ሥፍራ ከማዳረስ ይልቅ፣ አንድ ፋኩልቲ አንዲት ትምህርት ቤት ይዞ ዓመት በዓመት ወደዚያችው ቢመለስ ይሻላል እንላለን።

መምህሩ ሲሸኙን የላኩት መልእክት አንድ ብቻ ነው፤ «ለከርሞ አንድ የሒሳብ ተማሪ አምጡልኝ» የሚል። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን መጽሔት እንደማያነቡ እናውቃለን። ስለዚህ ያነበባችሁት ንገሩልን።