ስለ ጨዋታና ስለ ምርጫ ነጻነት

ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያገኘው አይቀርም፤ ይኸውም ልጁን እጁን ይዞ ይምራው ወይስ መንገዱን አሳይቶ ይልቀቀው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ አብዝተው ከመረመሩት ሰዎች መካከል የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች እንደሚገኙ ብነግራችሁ ትደነቁ ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው።

የምንኖረው በቦሌ ክፍለ ከተማ በገርጂ ሰፈር ነው። የበኵር ልጄ ዕድሜው 19 ዓመት ሲሆን፥ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ፈጽሞ የትምህርት ክፍል የሚመርጥበት ጊዜ ደርሷል። እኔ ዘመኔን በፍርድ ቤት መዝገብ መካከል ያሳለፍኩ ነኝና ሕግ ቢማር ደስታዬ ነው፤ የእርሱ ልብ ግን ወደ ኮምፒዩተር ሥራ ያደላል። በሰፈራችን ጌም ቤቶች ወጣቶች አብዝተው የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ ሲሆን፥ እርሱ የሚወደው ተጫዋቹ የአንድ ሰው ሚና ይዞ ተልእኮ የሚፈጽምበትን ዓይነት ነው። ልቡን የሳበው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዬ ጥቂት ምሽት አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛም ንግግሩን ለመከተል ረዳኝ።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። በዚያ ጨዋታ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፥ ሌሎቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፥ ዕድሉንም ዳይስ ይወስነዋል። ተራኪው ሰው ስለሆነ ላልታሰበ ነገር ሁሉ መልስ አያጣም። ኮምፒዩተር ግን አስቀድሞ ያልተጻፈለትን አያውቅም። ተጫዋቹ 10 ጊዜ ከሁለት መንገድ አንዱን ቢመርጥ መንገዶቹ ተባዝተው 1,024 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ጽፎ መጨረስ የሚከብድ ነውና ብዙዎቹ ሠሪዎች ጐዳናውን ለጥቂት ጊዜ ይለያዩትና መልሰው ያገናኙታል።

ነጻነቱንም የሚሰፍሩት በልዩ ልዩ መስፈሪያ ነው። ቤተዝዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2002 ባወጣው ሞሮዊንድ፥ ተጫዋቹ ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ሰው እንኳ ሊገድል ይችላል፤ ጨዋታውም የትንቢቱ ክር እንደ ተበጠሰ አስታውቆ፥ ወደ ኋላ መመለሱን ወይም በተበላሸው ዓለም መኖሩን ለእርሱ ይተውለታል። ይኸው ድርጅት በ2011 ባወጣው ስካይሪም ግን እንዲህ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ቢመቱ ተንበርክከው ይቈዩና እንደገና ይነሣሉ እንጂ አይሞቱም። በፊተኛው ሰው ጥፋቱን ይሸከማል፤ በኋለኛው ከጥፋት ይጠበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የፖላንድ ሰዎች በ2015 ያወጡት ሦስተኛው ዊቸር ነው፤ ይህ ለአዋቂ ብቻ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ነውና ለሕፃን አይሰጥም። በዛፍ ሥር የታሰረ መንፈስ ይፈታ ዘንድ ይለምናል። ተጫዋቹ ቢፈታው ሕፃናት ይድናሉ፥ መንደር ግን ይጠፋል፤ ቢገድለው መንደሩ ይተርፋል፥ ሕፃናቱ ግን ይጠፋሉ። መዘዙም ወዲያው አይታይም። በችሎት ይህን የሚመስል አይቻለሁ፤ ሕጉ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ወሰን ያቆማል፥ ዳኛው በወሰኑ ውስጥ ይመርጣል፥ የመረጠውም በመዝገብ ይጻፋል። ይግባኝ አለ፤ የተሰጠውን ፍርድ እንዳልተሰጠ ማድረግ ግን አይቻልም። በጨዋታ ያስቀመጡትን ከፍቶ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚቻል፥ ይህን ልዩነት ለልጅ ማስረዳት የወላጅ ፈንታ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነበረ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን በበላ ጊዜ ግን ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይሆናል። በቅኔ ቤትም መምህሩ ልኩን ይሰጣል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን ተማሪው አይለውጥም። የሚያስገባበት ምሥጢር ግን የራሱ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቢደግም ቅኔ ቈጠረ አይባልም።

እንግዲህ ወሰን ያለው ነጻነት ነጻነት ነው፤ ምንም የማይለውጥ ምርጫ ግን ሽንገላ ነው። ልጄን «ምረጥ» ብዬ ጐዳናውን ሁሉ ወደ ሕግ ትምህርት ባገናኘው፥ የሰጠሁት ነገር የለም ማለት ነው።

ስለዚህ አስቀምጬ ነገሩን በፊቱ ዘረጋሁለት፤ የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት እንደሚፈጅ፥ የእያንዳንዱን ሥራ ድካምና ጥቅም፥ የቤታችንን አቅም ነገርኩት፤ ምኞቴንም አልሸሸግሁትም። ከዚህ በኋላ ቅጹን የሚሞላው እርሱ ነው፤ የእርሱ ወረራ ወደ ማብቃቱ ደርሷልና። የመረጠውን እስካሁን አልነገረኝም፥ እኔም አልጠየቅሁትም። በየማታው ከሥራ ስገባ ግን ጥያቄው ከከንፈሬ ይደርሳል፤ ዝም ማለት እንዴት ያለ ከባድ ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ አባት ይፍረደኝ።