ሲሞቅ የማይነሣ ሞተር

ተማሪ ሆይ፤ በደጋ አገር የኖረ ሰው «ሞተርን የሚያስቸግረው ብርድ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ማርቆስ፣ በክረምት ማለዳ ሾፌሮች ከመኪኖቻቸው ጋር ሲታገሉ ማየት የተለመደ ነው። ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪው ይደክማል። የናፍታ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ግለት ስለሆነ፣ ብርድ ሲበረታ በቀላሉ አይነሣም። ይሁን እንጂ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሕመምም አለ። ማለዳ ያለ አንዳች ችግር የተነሣ ሞተር ረጅም መንገድ ተጉዞ ለጥቂት ጊዜ ከጠፋ በኋላ «አልነሣም» ይላል።

ይህ ሕመም ራሱን እንዲገልጥ ከዓባይ በረሃ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መኪና ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን ድልድይ ይሻገራል። ከዚያም እስከ ደጀን 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ መሻገሪያውን ቢያቀልለውም፣ ዳገቱ ያው ዳገት ነው። በዚያም ላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ ደጀን ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለሆነም ጭነት ተሸክሞ የሚወጣ አሮጌ ካሚዮን ደጀን ሲደርስ ሞተሩ እንደ ምድጃ ግሎ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ ደጀን ላይ ማዳበሪያ የጫነ አንድ አሮጌ ፊያት 682 ቆሞ አየሁ። በአገራችን ሾፌሮች ዘንድ «ኤን ትሬ» እየተባለ የሚታወቀው ዓይነት ነው። ባለቤቱ ራሱ ሾፌር ነበር። ምሳ ለመብላት ሞተሩን አጥፍቶ ቢመለስ አልነሣ አለው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጭነቱን የሸፈነው ሸራ ቀዳዳ ነው፤ ከሉማሜ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ የዘር ጊዜ ሳያልፍባቸው ማዳበሪያውን ይጠብቃሉ። ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ ፍርድ ይሰጣል። አንዱ «ባትሪው ነው» ይላል፤ ሌላው «ሞተሪኖው ነው» ይላል።

በዚህ መካከል አንድ አዛውንት መካኒክ ቀረቡ። ሰውየውም «ጋሼ፣ ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ሞተሪኖውንም አስጠገንሁ፤ ገንዘቤ አለቀ እንጂ መፍትሔ አላገኘሁም» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ምን እንደገዛህ አልጠየቅሁህም። መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደማይነሣ ንገረኝ» አሉት። «ማለዳ ወዲያው ይነሣል። በጉዞም ጉልበት አያጣም። ግሎ ከጠፋ ግን እስኪበርድ ድረስ አይነሣም» ሲል መለሰ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በቅደም ተከተል ተመልከት። በመጀመሪያ ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙት። ሞተሩ በፍጥነት ተሽከረከረ፤ ባትሪውና ሞተሪኖው ከክስ ነጻ ወጡ። ሁለተኛ፣ የጢስ መውጫውን ተመለከቱ። ነጭ ጢስ ቢወጣ ኖሮ ናፍታው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ነገር ግን ምንም ጢስ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ከፊልትሮው ላይ የአየር ማስወጫውን ቡሎን አላልተው የእጅ ፖምፓውን ገፉ። ናፍታው ያለ አረፋ ጠርቶ ወጣ፤ ስለዚህ ከጋኑ እስከ ፊልትሮው ያለው መንገድ ደኅና ነው። አራተኛ፣ ናፍታውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ፖምፓ የሚልክበትን የአንዱን ቱቦ ጫፍ አላልተው ሞተሩን አስዞሩ። በኃይል መርጨት የሚገባው ናፍታ እንደ እንባ ጠብ ጠብ አለ።

አሁን የቀረው ተጠርጣሪ ፖምፓው ብቻ ነበር። አዛውንቱ ግን በዚህም አልፈረዱም። እርጥብ ጨርቅ አስመጥተው ፖምፓውን ሸፈኑት። ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይደፉበትም አስጠነቀቁ፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲኮማተር ሊጣበቅ ይችላልና። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በፖምፓው ውስጥ ናፍታውን የሚገፉት ትንንሽ ፒስተኖች ከማቀፊያቸው የሚለያቸው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ይህ ክፍተት ይሰፋል። ቀዝቃዛ ናፍታ ወፈር ስለሚል በክፍተቱ ቶሎ አያመልጥም። የጋለ ናፍታ ግን ይቀጥናል፤ ሙቀቱ ከ40 ወደ 80 ዲግሪ ሲወጣ ውፍረቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሞተሪኖ ሲዞር ደግሞ የፖምፓው እንቅስቃሴ ዝግ ያለ ስለሆነ፣ ናፍታው ወደ ኋላ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ ግን ፍጥነቱ ጊዜ ስለሚነፍገው ጉድለቱ ይሰወራል። ሞተር ሲጠፋ ውሃውን የሚያዘዋውረውና የሚያቀዘቅዘው መሣሪያም አብሮ ስለሚቆም፣ የሞተሩ ግለት ወደ ፖምፓው ይዛመታል። ሕመሙ ከምሳ በኋላ የሚብሰውም ስለዚህ ነው።

ባትሪው ነው ያሉት ሰዎችስ ከምን ተነሥተው ነው? ከዚህ ቀደም ሾፌሩ እየደጋገመ ሲያስዞር ባትሪው ደክሞ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ድካም የሕመሙ ውጤት እንጂ መንስኤው አልነበረም። ውጤቱን መንስኤ ያደረገ ሰው ሁለት ባትሪ ከገዛ በኋላ እዚያው ዳገት ላይ ቆሞ ቀረ። አዛውንቱም «ጭነትህን እስክታራግፍ ሞተሩን አታጥፋ፤ ከዚያ ፖምፓውን በመሣሪያ አስለካው፤ እርጥብ ጨርቅ መመርመሪያ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብለው አሰናበቱት።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፤ አንተም ምክንያትንና ውጤትን የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፍ ይህንኑ ሥርዓት ተከተል። «ምክንያቱ ይህ ነው» ከማለትህ በፊት ነገሩ መቼ እንደሚሆን ጻፍ፤ ከጎኑም መቼ እንደማይሆን ጻፍ። ከዚያ የምትጠረጥራቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ፈትን፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከለወጥህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። የተሳሳተ ምክንያት በወረቀት ላይ ሲሰፍር ቀላል ይመስላል፤ በሰኔ ዝናብ፣ በቀዳዳ ሸራ ሥር ላለው ማዳበሪያና ለሚጠብቁት ገበሬዎች ግን ዋጋው ከባድ ነው።