ወንዙ ያቆመን ቀን

ሎሎጎ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ነጭ ዓባይ ጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤትነቱ ግን የገበያ ነው። ጁባ ውስጥ ከወንዙ ተቀድቶ በቦቴ ለየቤቱና ለየሆቴሉ የሚታደለው ውኃ ለብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ወንዙን በበርሜል እንለካዋለን፣ በዋጋው እናውቀዋለን። የአገሬው ሰው በዚህ በኩል የሚያልፈውን ክፍል ባሕር ኤል ጀበል ይለዋል፤ የተራራው ወንዝ ማለት ነው። ከጣና የሚወጣው የእኛ ዓባይ ካርቱም ላይ እስኪገናኘው ድረስ ከዚህ ውኃ ጋር ትውውቅ የለውም። እኛም ብንሆን አጠገቡ እየዋልን እያደርን ትውውቃችን ከዚያ የራቀ አልነበረም።

ይህ ወንዝ መንገደኛ ማቆም የቆየ ልማዱ ነው። ከቦር በስተሰሜን የሚንጣለለው ረግረግ ሱድ መባሉ፣ በዓረብኛ መዝጊያ ማለት ስለሆነ ነው። በኔሮ ዘመን የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተላኩት ሮማውያን በእንዲህ ያለ ረግረግ ተገትተው እንደተመለሱ ሴኔካ ጽፎ አቆይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1841 ከግብፅ መንግሥት የተላከው የሰሊም ጉዞ ረግረጉን አልፎ፣ ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ እስካለችው ጎንዶኮሮ ቢደርስም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋያማ ፏፏቴ አላሳልፍ ብሎታል። እኔ ይህን ሁሉ ያነበብሁት ወንዙ እኔንም ካቆመኝ በኋላ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከሎሎጎ ወደ ቦር ተዛውሮ ይሠራ የነበረ አንድ የቦቴ ሾፌር ወዳጃችን በድንገት አረፈ። አስከሬኑን ወሎ ለማድረስ አቅማችን አልፈቀደም። ቀብሩ በነጋታው ጠዋት በ4 ሰዓት ይሆናል ተባለ። እናቱ በስልክ ከእኔ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ፣ በእኔ ፈንታ አፈር አልብስልኝ» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኋቸው። ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የየብስ መንገድ በዝናቡ ጭቃ ተይዟል ስለተባለ፣ ጎህ ሲቀድ በጀልባ ተነሣን። እስከ ማታ ቦር እንገባለን የሚል ተስፋ ነበረን።

ተረከካን ካለፍን በኋላ ሰማዩ ከፊታችን ጠቆረ። ወንዙ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ነፋሱ ደግሞ ከሰሜን መጣ። ነፋስ ከውኃው ፍሰት ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ በጆንያ የከበደ ጀልባ ደግሞ ከውኃው ከፍ የሚለው ጥቂት ስንዝር ብቻ ነው። ጀልባ ነጂው ማንንም ሳያማክር ወደ ዳር መርቶ ከአንድ ግራር ጋር አሰረን። ዝናቡ ወረደ። ነፋሱ ሲያባራ ደግሞ ከላይ የወረደ የእንቦጭ ደሴት መውጫችንን ዘጋው። ጣናን ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያስጨነቀው ይህ አረም፣ በነጭ ዓባይ ላይ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ አልፎት ነበር። እስኪገፋ መሸ። በጨለማ ደግሞ የአሸዋውን ጉብታና ጉማሬውን ለይቶ መሄድ አይቻልም። ስልክ አይሠራም። እዚያው ማደራችን ሆነ።

ሰዓቱን ደጋግሜ ሳይ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የዲንካ አሮጊት በጁባ ዓረብኛ ምን እንደሚያስቸኩለኝ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ማሌሽ» አሉና፣ ወደ ሌሎቹ ዞረው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። በዋጋና በቦታ ሲነታረኩ የዋሉት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ ወጣት ሬዲዮኑን ዘጋ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ከሰሏን አቀጣጥላ ሻይ አፈላችና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ሰጠች። ሰዎቹ በየተራ አጠገቤ እየመጡ፣ ብዙ ሳይናገሩ፣ ትንሽ ተቀምጠው ይነሡ ነበር። ሟችን ማናቸውም አያውቁትም። ምናልባት ከቦቴው ውኃ የቀዱ ይኖሩ ይሆናል።

እኛ እድርን የምናውቀው በመዝገብ፣ በመዋጮና በድንኳን ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ለቅሶ መድረስ ሲባል ሥሩ ሌላ እንዳልሆነ ያን ሌሊት ገባኝ፤ ሰው ሐዘን ላይ ካለ ሰው አጠገብ ይቀመጣል፣ ያ ነው። ለዓመታት «ለጊዜው ነው» እያልን በምንኖርበት አገር፣ ጎረቤቶቻችንን እንደ ደንበኛ ብቻ ስናያቸው ኖረናል። እነርሱም እኛን እንዲሁ። ለማትረፍ የተሳፈርን ሁሉ በአንድ ነፋስ ታስረን ስንቀመጥ፣ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሲጠፋ፣ የቀረው ሰውነታችን ብቻ ነበር።

ቦር የደረስሁት በነጋታው ከቀትር በኋላ ነው። ሙቀቱ አስከሬን አያቆይምና ቀብሩ ተፈጽሞ ነበር። እርጥቡን አፈር አየሁት፤ አንድ እፍኝ ጨመርሁበት። በከተማዋ ያሉት ወገኖቻችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጉድጓዱን የቆፈሩትና አስከሬኑን የተሸከሙት ግን ውኃ ያቀርብላቸው የነበሩ የሰፈሩ ወጣቶች እንደሆኑ ነገሩኝ።

ማታ ወደ ወሎ ስደውል እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኝ ነበር። ቀብሩ እንዳመለጠኝ፣ ወንዙ እንዳቆመኝ ነገርኋቸው። እናት ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያም «ሰው ነበረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነበረው፣ እማማ» አልኋቸው። «ብዙ ሰው ነበረው።»