መንገደኛዋ ሣጥን

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሙሾ ግጥም ልሰበስብ መንዝ ሄጄ ነበር። መሐል ሜዳ አጠገብ ካለች መንደር አንዲት በአልቃሽነት የታወቁ እማማ፣ ስንት ቀን ደጅ ከጠናኋቸው በኋላ፣ አንድ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ጀመሩት። እኔም ላፕቶፔን ከፈትሁ። እሷ እቴ! «በመታደስ ላይ ነኝ፤ እንዳታጠፋኝ» ብላ ተገትራ ቀረች። ስልኬ ከረፋድ ጀምሮ ሞቷል። መብራት የለም። በኩራዝ ጭላንጭል፣ በእስክሪብቶ እያሳደድሁ የያዝሁት አራት ስንኝ ብቻ ነው። ሣጥኗ ስትታደስ ቆይታ ባትሪዋ አለቀ። በማግስቱ ይድገሙልኝ ብላቸው፣ «ልጄ፣ ልቅሶ እንደ ተረት ይደገማል እንዴ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ማደሻውን «ነገ፣ ነገ» እያልሁ ወር ሙሉ ያቆየሁት፣ ጠባቧን ማስቀመጫ በፊልም ያጨቅሁት እኔው ነኝ። ቢሆንም፣ መንገድ ላይ አዛዡ ማነው፣ እኔ ወይስ እሷ? የሚል ነገር ከዚያ ወዲያ አልለቀቀኝም።

እናንተው ፍረዱኝ። ላፕቶፗ ትንሽ ናት፤ ሚሞሪዋ 2 ጊጋባይት፣ ማስቀመጫዋ 32። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይጠይቃል፤ ያ በር ተዘጋ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የዶርም ጓደኛዬ ግን «ዝም ብለህ ተጠቀምበት፤ ሲታመም ግቢው ሁሉ ሐኪም ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው! ሊኑክስን የሚያክም በየሕንፃው አይገኝም።

ሊኑክስ ደግነቱ፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። መጀመሪያ ሉቡንቱን ሞከርሁ፤ ለደካማ ማሽን የተሰናዳ የኡቡንቱ ዘመድ ነው፤ አልከፋኝም። በመጨረሻ የጫንሁት ግን ዴቢያንን ነው፣ ያውም ቀለል ካለው ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ገጽታው ጋር። ዴቢያን አዝጋሚ ነው ይሉታል። አዲስ እትም የሚያወጣው በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ ነው፤ በመሃል የሚመጣው በአብዛኛው የደኅንነትና የስሕተት ማረሚያ ነው። ለእኔ ይኸው ነው የሚፈለገው። ማደሻውንም እኔ ካላዘዝሁት እንዳይጀምር አድርጌዋለሁ።

አማርኛውስ? የላቲኑን ፊደል በድምፁ ስመታው ግዕዙ ይመጣል፤ አቢሲኒካ የሚባለው ፊደልም ለዓይን ያምራል። ጣጣው ያለው አሮጌ ሰነድ ላይ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ያሰፈረ ስለሆነ፣ የራሱ ፊደል ከሌለ ሰነዱ የቃሪያ ጥፊ የበላ እንግሊዝኛ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሲገጥመኝ ፍላሼን ይዤ ወደ ጓደኛዬ ላፕቶፕ እሮጣለሁ። እሱም ይስቅብኛል።

ሌላም አለ። ክዳኗን ዘግቼ ስከፍታት አንዳንዴ ከእንቅልፏ አትነቃም። ስንት ሌሊት ታገልኋት፤ እምቢ አለች። ስለዚህ በየጊዜው አጠፋታለሁ፤ ስትነሣ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ ቡና እስኪቀዳ ማለት ነው። ደብተርና ሁለት እስክሪብቶም ከጎኗ አይለዩም።

አሁን ወደ መንዝ ልመለስ ነው። ለእማማ ሰው ልኬባቸው ነበር። «ይምጣ» ብለዋል አሉኝ፤ «ያቺን ሣጥኑን ግን ከደጅ ይተዋት።»