ዲስኩ ተዛወረ፣ ኔትወርኩ ጠፋ



የጀመዓችን ኮምፒውተር ዕቃ ብቻ ሳይሆን አማና ነው። የተቀዱ ደርሶች፣ ለአዲስ ገቢዎች የተዘጋጁ የቱቶሪያል ኖቶች፣ ተመራቂዎቻችን ለመውጫ ፈተና የሚያጠኑባቸው ጥያቄዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ማዘርቦርዱ ሲቃጠል መጀመሪያ የዲስኩን ቅጂ ያዝን፤ ከዚያ ዲስኩን በተለገሰልን ሌላ ዴስክቶፕ ላይ ገጠምነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዊንዶውሱ ተነሳ፤ ፋይሎቹም ሙሉ ናቸው። ኔትወርክ ግን የለም። የመውጫ ፈተናው ደግሞ ደርሷል፤ ልጆቹ ጥያቄዎቹን የሚያገኙት በኔትወርክ ነው።

በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚነገረው «ፎርማት ይደረግ» ነው። አያስፈልግም። ድራይቨር በዊንዶውስና በዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ዲስኩ ይዞ የመጣው የድሮውን ኔትወርክ ካርድ አስተርጓሚ ስለሆነ ከአዲሱ ካርድ ጋር አልተግባባም። ኪቦርድና ማውስ የሚሠሩት ዊንዶውስ ለእነሱ የጋራ ድራይቨር ስላለው ነው።

ጭንቁ ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ፣ ኢንተርኔቱ የሚገኘው ደግሞ በድራይቨሩ መሆኑ ነው። መፍትሔው ኪሳችን ውስጥ ነበር። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተን «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ስናበራ ኮምፒውተሩ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ተጠቀመበት። ይህ ካልተመቸ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው።

የትኛው ድራይቨር? «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ከፍተን፣ «ዲቴይልስ» ከሚለው ሥር «ሃርድዌር አይዲስ»ን አየን። የአምራቹ መለያ 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ ነው። የኛው 10ኢሲ ነበር። ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ ላይ በሞዴሉ ፈልገን ወሰድን እንጂ «ነጻ ድራይቨር» ከሚሉ ምንጫቸው ካልታወቀ ገጾች አልነካንም። መድረሳ ዒልምን ከማን እንደምንወስድ መጠየቅ አስተምሮናል፤ ሶፍትዌርም ኢስናድ ይፈልጋል።

ካርዱ ከሠራም በኋላ ልጆቹ ፋይሎቹን ማግኘት አልቻሉም። በእጅ የተሞላው ቋሚ የአይፒ አድራሻ ከድሮው ካርድ ጋር ቀርቶ ነበር። ያንኑ አድራሻ ለአዲሱ ስንሞላ፣ ዊንዶውስ አሁን በሌለ ካርድ መያዙን ነገረን፤ ከዚያ ላይ እንዲያነሳው ፈቀድን። በዚያው ምሽት ከዒሻ በኋላ ጥያቄዎቹ ለሁሉም ተከፈቱ።

ዲስክ ልታዛውሩ ካሰባችሁ የአዲሱን ማሽን የኔትወርክ ድራይቨር አስቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ። ቢትሎከር የበራ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ አዲስ ማሽን ላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። የኛ ፍላሽ አሁን ከሙስሐፎቹ መደርደሪያ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ያስፈለገው ይውሰድ፣ ሲጨርስ ግን ይመልስ። እሱም አማና ነው።