ከቡልጋሪያ እስከ ጃፓን

ጃፓንኛ በስልክ ቪዲዮ መለማመድ በጀመርኩ ሰሞን፣ ማዶ ያለው ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ የት እንደምኖር ነበር። «ቡልጋሪያ» አልኩት። ፊቱ በራ። «እርጎ!» አለኝ። ለካ ሜይጂ የሚባል ኩባንያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቡልጋሪያ ስም እርጎ ይሸጣል፤ ለብዙ ጃፓናዊ ቡልጋሪያ ማለት ከአገር ይልቅ ቁርስ ነው። የእኔ ቡልጋሪያ ከሜክሲኮ ወደ ቄራ ሲወረድ ያለችው፣ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከየደጁ የሚታይባት፣ ነፋሱ በዞረ ቀን የቄራ ሽታ የሚደርስባት ሰፈር መሆኗን ላስረዳው ፈልጌ ነበር። የነበሩኝ ቃላት ግን ከሃምሳ አይበልጡም። «አዎ፣ እርጎ» ብዬ ተውኩት።

ዛሬ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ፣ ከዚያችው ቡልጋሪያ ተነሥቼ ጃፓን ልሄድ ነው። ቦሌ በኩል ያለውን ጃፓን ማለቴ ነው፤ እንደ እኛ ሰፈር በኤምባሲ ስም የሚጠራውን። የጃፓን መንግሥት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል አለ፤ ማመልከቻዬን ላስገባ ነው። ያልጠበቅኩት፣ አባቴ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«ዮሴፍ እሄዳለሁ። የእናቴን መቃብር ካየሁ ቆየሁ። እግረ መንገዴን እሸኝሻለሁ» አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ቋንቋ ያወራኝ ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ያውም አብዛኛው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጃፓንኛ ምን ያበላሻል?» እሱ ቃሉን አላልቶ ነው የሚለው፤ እንጀራ ይሆንሻል ወይ ማለቱ ነው። አክስቴ ደግሞ አጥብቃ ትለዋለች፦ ያበላሻል። በእሷ ቤት ነገሩ የጀመረው ካርቱን ሳይ ነው፤ ከካርቱን ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ ጣዖት፣ ከጣዖት ወደ ጥሬ ዓሣ፣ ከዚያ «እዚያው አግብታ ቀረች» ወደሚለው ወሬ መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። እማዬ መሀል ላይ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ግን ወደ እነሱ ያጋደለ ነው።

ስለ ጥሬ ዓሣው አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ከቤታችን ቄራ የእግር መንገድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከወንድሙ ጋር ሥጋ ቤት ተቀምጦ፣ ቢላውን ወደ አፉ አስጠግቶ ጥሬውን እየቆረጠ በአዋዜ ይበላል። «ሰው እንዴት ጥሬ ዓሣ ይበላል?» የሚለው ጥያቄ የተነሣው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቁራጩ ገና አዋዜው ውስጥ እያለ።

የጎተራ ታክሲ አገኘን። ጋቢና ገባን፤ እኔ መሀል፣ እሱ በበሩ በኩል። አባቴ አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ታክሲ ላይ አይሳፈርም፣ ታክሲ ይመረምራል። ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ ፊቱ ይጨማደዳል። ለእሱ ጃፓን አገር አይደለም፣ የጥራት ደረጃ ነው። አንድን ዕቃ ሲያከብረው «ኦርጅናል ጃፓን ነው» ይላል፤ ከዚያ በላይ ምስጋና የለውም። ሰውን እንኳ እንዲህ ሲያሞግስ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ሞተሩን እንዲህ የሚወድ ሰው ቋንቋውን ስጠራበት ለምን ፊቱን እንደሚያዞር ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

በሩን ከመዝጋቱ በፊት ማጠፊያው አጠገብ የተለጠፈች፣ ግማሿ የተላጠች ወረቀት አየሁ። ሦስቱ ፊደላት ደህና ናቸው። ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኳቸው፦ «ታ፣ ኢ፣ ያ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ታይያ። ጎማ ማለት ነው።»

«የጎማ ነፋስ ልክ ናትኮ» አለ፣ ወረቀቷን እንኳ ሳያይ። «ሁሉም መኪና ላይ በሹፌሩ በኩል ነው የምትለጠፈው። ይቺኛዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ፣ ወረቀቷ ድሮ ቦታዋ ቀርታለች።» ትንሽ ቆየና ጠየቀ፦ «ታይያ ያሉት ከእንግሊዝ ወስደው ነው?»

«አዎ። እናንተ ካንዴላን ከጣሊያን እንደወሰዳችሁት።»

መልስ አልሰጠኝም፤ ከንፈሩ ዳር ላይ ግን የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አርባ ዓመት ሙሉ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቪቴ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ጣሊያንኛ የተማረ ግን አይመስለውም።

ጣሊያንኛ ካነሣሁ አይቀር፣ እኔ ጃፓንኛ የተማርኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። ቤት ውስጥ መጽሐፉን ስገልጥ ክርክር ስለሚነሣ «አካውንቲንግ እናጠናለን» ብዬ እዚያ ወደ አንዲት ጓደኛዬ ቤት እሄድ ነበር። ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ያላት አንዲት ክፍል ናት። 46ቱን የጃፓን ፊደላት በማርከር ጽፈን፣ ጀርባውን ሊጥ ቀብተን ጋዜጣው ላይ ለጠፍነው። ከዚያ በልጅነታችን 231ዱን ፊደል በዜማ እንደቆጠርነው፣ እነዚህንም በዜማ ቆጠርናቸው፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ፈረንጅ ተማሪዎች በዚህ ይሰቃያሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ለእኛ ግን አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ከነአናባቢው መያዙ አዲስ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አለቀልን። ከቻይና የመጡት ሌሎቹ ምልክቶች፣ ለመደበኛ አገልግሎት ብቻ 2,136 የሆኑት፣ የሌላ ቀን መከራ ናቸው።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ የጓደኛዬ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ዕቃ ላግዝ የሄድኩ ቀን ጣሪያው ተነሥቶ ነበር። ሰንጠረዣችን ግድግዳው ላይ አለ። ፀሐይ አርፎበት አያውቅምና በዚያ ብርሃን ፊደሎቹ የልጅ ጽሑፍ ይመስሉ ነበር። ልላጠው ሞከርኩ፤ ከጋዜጣው ጋር ተጣብቋል። ተውኩት።

የሰዋስው ነገር ደግሞ ከፊደሉም ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። እንግሊዝኛ ስማር ዓረፍተ ነገሩን ሁሌ በጭንቅላቱ ማቆም ነበረብኝ። ጃፓንኛ ግን እንደ እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ እሺ ይበል እምቢ ይበል አይታወቅም። ለትልቅ ሰው የተለየ አነጋገር አለው። «አለ» ለማለት «አሩ» ይላሉ። ሲቀራረቡ ወይም ሲቆጡ ደግሞ ሰውን «አንታ» ይሉታል፤ አንተ ማለት ነው፤ ለሴትም ለወንድም ያው ነው። ዝምድና እንዳልሆነ፣ አጋጣሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። አባቴ ደስ ሲለው እኔን ሴት ልጁን «አንተ» ብሎ ነበር የሚጠራኝ። ጃፓንኛውን ከጀመርኩ ወዲህ «አንቺ» ሆኛለሁ።

ጎተራ ወረድንና ሌላ ታክሲ ስንጠብቅ የማመልከቻዬን ፖስታ ተቀብሎኝ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። የልደት ማስረጃዬ ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት አለ፣ የእኛና የፈረንጅ። «ጃፓኖቹ የትኛውን ይቀበላሉ?» አለኝ። የፈረንጁን እንደሚቀበሉ ነግሬው፣ እነሱም በንጉሣቸው ዘመን የሚቆጠር የራሳቸው ዓመት እንዳላቸው ጨመርኩለት፤ የዘንድሮው ሬይዋ 7 ይባላል።

«የራሳቸው አላቸው?»

«አላቸው።»

ፖስታውን እጄ ላይ አልመለሰውም። ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

ዮሴፍ ስንደርስ ሻማ ገዝቶ የእናቱ መቃብር ላይ ቆመ፤ ራቅ ብዬ ጠበቅኩት። ሲመለስ በመጣንበት አልወጣም፣ አበበ ቢቂላ ወዳረፈበት ወሰደኝ። «ይኸውልሽ ጃፓን» አለኝ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አባቴ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሎ የቶኪዮን ማራቶን ወሬ ሲጠብቅ እሱ በትልልቆቹ እግር መሀል ገብቶ ተቀምጧል። አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከዚያ ሌላው ሯጭ ስታዲየሙ ሳይደርስ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ በመቃብሩ መሀል በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ በኮቱ፣ ጎንበስ ብሎ በጣቱ የእግሩን ጫፍ ነካ። «እንዲህ!» አለኝ። ሽልማቱ ሲሰጥ የባንዱ ሰዎች የኢትዮጵያ መዝሙር ስላልነበራቸው የራሳቸውን እንደተጫወቱ ስነግረው ግን አያውቅም ነበር። ሳቀ። «አሸንፎ የእነሱን መዝሙር አስመታ በይኛ።»

ሳቁ ድፍረት ሰጠኝ። ከመቃብሩ እስክንወጣ በፍጥነት አወራሁት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን እንደሄዱ፣ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል የጉዞ መጽሐፍ እንዳሳተሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት፣ መነሻው የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት እንደነበር። ከኅሩይ ጋር የሄደው ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገባ ተነሥቶ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የመኳንንት ልጅ እንደታጨችለት፣ ነገሩም በ1926 ዓ.ም. ሳይሆን እንደቀረ፣ የጣሊያን እጅ አለበት እንደተባለ። የማሳኮን ነገር ያመጣሁት ለአክስቴ መልስ ይሆናል ብዬ ነው፤ አሁን ሳስበው ለእሷ ክርክር ማስረጃ ያቀበልኩ ይመስለኛል።

አባቴ አላቋረጠኝም። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ከዚያስ? ጣሊያን ሲገባ ጃፓን ምን አደረገች?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እሱም እንደሚያውቀው ከአጠያየቁ ገባኝ። በ1929 ዓ.ም. ጃፓን ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ተቀበለች፤ ጣሊያንም በተራዋ ጃፓን ለያዘችው ለማንቹሪያ ዕውቅና ሰጠች። ኅሩይ ያን መጽሐፍ ከጻፉ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። እሳቸውም አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ በስደት እንግሊዝ ሞቱ።

«ተቀበለች» አልኩ።

«ውደጂው፤ አልከለክልሽም» አለ። «ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። መኪናውን አብዝቶ የወደደ ልጅ ነው ጣቱን ቺንጌ ውስጥ የሚያስገባው።» ሌላ ነገር አልተናገረም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ምን ያበላሻል?» ሲለኝ ንቀት እየመሰለኝ ነበር የምሰማው። ቀኝ እጁን አየሁ። የመሀል ጣቱ ጫፍ የለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ስለኖርኩ አይቼው አላውቅም ነበር።

ወደ ጎተራ ተመለስን። ከዚያ ወደ ወሎ ሰፈር የሚሄደው ታክሲ ሙሉ ነበር። ከኋላ ወንበር ተጨናንቀን ተቀመጥን። ወሎ ሰፈር ወረድን፣ ሌላ ያዝን። እሱ ወደ ቤት ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ አብሮኝ ገባ፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለ አንድ የጃፓን ካርቱን ይከራከራሉ፤ ማን ማንን ገደለ፣ ማን ተመልሶ ይመጣል። አባቴ ትንሽ ሰማቸውና ወደ እኔ ዞር ብሎ በአገጩ አሳየኝ፤ «ብቻሽን አይደለሽም ለካ» እንደማለት።

ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ከሹፌሩ ጋር በመልስ ይጣላል። ሩዋንዳ አለፍን። ጉልበቴ ላይ ፖስታውን ፈለግኩ፤ ለካ አሁንም የእሱ ብብት ውስጥ ነው።

«ጃፓን ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«ወራጅ አለ!»

ታክሲው ዳር ያዘ። እግሬን ከሰዎቹ መሀል አውጥቼ መሬት ስረግጥ ከኋላዬ ትከሻዬን መታ አደረገኝና ፖስታውን ዘረጋልኝ።

«ወረቀትህን ያዝ እንጂ፣ አንተ!»