ፊደሉም ሽማግሌውም እያሉ

ምዕራብ ምያንማር ውስጥ፣ በቺን ተራሮች ላይ፣ አንዲት ከተማ አለች። ልጆቿ ቴዲም ይሏታል። የእንግሊዝ ሹማምንት ቲዲም ብለው መዘገቧት፤ በርማዎች ደግሞ ቲቴን ይሏታል። ስሟ በየጸሐፊው እጅ መቀያየሩን እችለዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ታሪኳን በራሷ ፊደል ልትጽፍ የምትችልበት ዘመን ኖሯት ዘመኑ እንዲሁ መባከኑ ነው።

የአካባቢው ሽማግሌዎች “ድሮ ፊደላችን በቆዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ውሻ በላው” እያሉ ይተርካሉ። ፊደል እንደጎደላቸው እያወቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 የእንግሊዝ ጦር ወደ ተራራው ወጥቶ ከቴዲም በስተደቡብ ፎርት ዋይት የተባለውን ምሽግ መሠረተ። በ1896 ኬሪና ታክ የተባሉ ሁለት የቅኝ ግዛት ሹማምንት ስለ ቺን ተራሮች የጻፉት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ራንጉን ላይ ታተመ። የዘር ሐረጉን፣ ዘመቻውን፣ የጠመንጃ ገፈፋውን ሁሉ አስፍረውበታል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አገሩን ሊገዙ የመጡ ሰዎች የጻፉት ነው። የቴዲም ሽማግሌ እዚያ ውስጥ ተጠይቆ የሚመልስ እንጂ የሚጽፍ አይደለም።

ከዚያ ግን ፓው ቺን ሃው ተነሣ። በ1859 የተወለደ የቴዲም ሰው ነው። ለዓመታት በሕመም ሲማቅቅ ፊደል በሕልሜ ታየኝ አለ፤ በ1902 ገደማም ከ1,000 የሚበልጡ ምልክቶችን አወጣ። ብዛታቸው ለተማሪ እንደሚከብድ ሲያይ ቀንሶ ቀንሶ ወደ 57 አወረዳቸው። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው የሠራውን ፊደል እንዲህ መልሶ ሲያቃናው ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ። የሚከተለው ሕዝብም አላጣም፤ በስሙ የሚጠራ እምነት ሁሉ ተመሠረተ።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ኮፕ ቋንቋውን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። በ1919 የቴዲምን ስም ልጆቿ እንደሚጠሩት አድርጎ በርዕሱ የያዘ ጋዜጣ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፦ ፊደሉ በሁለት ዓይነት አለ፤ ጋዜጣ አለ፤ ከእንግሊዝ በፊት የነበረውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችም ገና በሕይወት አሉ።

ምን ተደረገበት? የፓው ቺን ሃው ፊደል ከእምነቱ አጥር እምብዛም ሳይወጣ ቀረ። ተከታዮቹ የአምልኮ መጽሐፋቸውን ሲገለብጡ አጠገባቸው የተቀመጠውን አዛውንት “ይህን መንደር ማን ቆረቆረው? ጦሩ ሲመጣ እናንተ የት ነበራችሁ?” ብለው ጠይቀው መልሱን በዚያው ብዕር ቢጽፉለት ምን ነበረበት? ሚሲዮኑ ነፍስ ለማዳን፣ መንግሥቱ ግብር ለመሰብሰብ ይጣደፍ ነበር፤ የእነሱስ ይሁን። የገዛ ልጆቿ ነገር ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። በ1944 ጃፓንና እንግሊዝ በተራራው ሲፋለሙ ጦርነቱ የተመዘገበው ቲዲም በሚለው አጻጻፍ ነው፤ የተዋጉበት መንገድም እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት የቲዲም መንገድ ይባላል።

በ2014 እነዚያ 57 ምልክቶች ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚያውቁበት መመዘኛ፣ በዩኒኮድ ውስጥ ገቡ። በገዛ ፊደላችን በስልክ የምንጻጻፍ እኛ ይህ ምን ያህል ነገር እንደሆነ እናውቃለን፤ ደስ ሊለኝም በተገባ ነበር። ግን ፓው ቺን ሃው ራሱ በ1889 የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ጦሩ ሲገባ ያየ፣ ፊደልም የሠራ ሰው፣ በ1948 እስኪሞት ድረስ ወደ 46 ዓመት ገደማ ፊደሉን ይዞ በመካከላቸው ኖረ። ብዕር አስይዞ “ያየኸውን ጻፍልን” ለማለት ከዚህ የበለጠ ስንት ዓመት ያስፈልግ ነበር?